ያላቀረቀረው ሰዓት ሠሪ

ሰዓት ሠሪው ከሱቁ ውስጠኛ ደረጃ ሥር በጀርባው ተዘርግቶ ሞቶ ተገኘ። የግድግዳው ሰዓቶች ምንም እንዳልተፈጠረ ይቆጥራሉ።

«በዓይኔ ነው ያየሁት» አለ ታላቅ ወንድሙ ለመርማሪዋ። «ደረጃው ላይ ብሎን ወደቀችበት፤ አቀርቅሮ ሲፈልጋት እግሩ ከዳው። ገፍተውታል ካላችሁ ደግሞ ፎቅ ላይ የነበረችውን ሚስቱን ጠይቋት! በየሐሙሱ የሰፈራችን ሐኪም ዘንድ ምን ትሠራለች?»

ፍቅርና ሳል አይደበቅም ይባላል፤ ቅናትም ሦስተኛቸው ነው።

«አባታችሁ የሰዓት ሠሪነቱን ወንበር ለማን ሰጡ?» አለች መርማሪዋ።

«ለእሱ ነዋ! ታላቅ እያለሁ ለትንሹ! እኔ ሃያ ዓመት ባትሪ ስቀይር ኖርኩ።»

መርማሪዋ ወደ ፎቅ ወጣች። የሟቹ ጠረጴዛ አራት እግሮቹ በጡብ ላይ ቆመው ከፍ ብሏል። አጠገቡ ጫፉ ማግኔት የሆነ ረጅም ዘንግ ተሰቅሏል። ፈገግ አለችና ሚስትየዋን፣ ወንድምየውንና ሐኪሙን ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ዶክተር፣ ሐሙስ ሐሙስ የሚታከመው ማን ነበር?»

«ባልየው፤ እሷ ይዛው ትመጣለች። አገጭህን ደረትህ ላይ አሳርፍ ስለው ከማጅራቱ እስከ እግሩ ጣት ኤሌክትሪክ የያዘው ያህል ይነዝረው ነበር። የኅብለ ሰረሰር ችግር ምልክት ነው።»

«ለዚህ ነው ጠረጴዛውን ወደ ዓይኑ ከፍ ያደረገው፤ የወደቀውንም በማግኔት የሚያነሣው» አለች መርማሪዋ። «ሚስቱ ይህን ታውቃለች። አቀርቅሮ ነበር የሚል ውሸት የሚፈጥረው በሽታውን የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ደግሞ አቀርቅሮ እግሩ የከዳው ሰው በግንባሩ ይወድቃል፤ እሱ ግን የተመታው ማጅራቱን ነው። ደረጃውን ሲወጣ ከላይ ሆነው ደረቱን የገፉት እርስዎ ነዎት፣ ታላቅየው።»

ታላቅየው ወደ ደረጃው ዞረ። «ወንበሩን... በተራዬ ስጠኝ አልኩት። ሳቀብኝ። እጄ ቀደመኝ።»

«ደስ ብሎት ነው የሳቀው፣ ጋሼ!» ሚስትየዋ ጮኸች። «ሰኞ ሊያስረክብህ ነበር እኮ! በሽታውንም የደበቀህ ለዚሁ ነው። ‹ስለታመመ ሰጠኝ እንዳይል፤ ስለሚገባው ነው› ይለኝ ነበር።»

ታላቅየው አገጩ ደረቱን እስኪነካ አቀረቀረ። አንገቱን ምንም አላመመውም።