የኡባልዶ የመጨረሻ ጉብኝት

አስጎብኚው ኡባልዶ በቦሎኛው ረጅም ማማ ውስጥ፣ ከደረጃው ግርጌ ጭንቅላቱ ተፈርክሶ ተገኘ። አጠገቡ የወደቀው ጡብ ዝሆን ይገድላል። ከመላው ኢጣሊያ፣ ኧረ ከመላው ዓለም፣ ወንጀል ቀድሞ የሚሸተው ኮሚሳር ማላጉቲ አንዴ አየና «ወድቆ አይደለም» አለ። የሟቹ ባርኔጣ ከጎኑ፣ ደረጃው ላይ በሥርዓት ተቀምጧል። የሚወድቅ ሰው ባርኔጣ ለማስቀመጥ ጊዜ የለውም። አረፍ ብሎ ሲያወራ ከኋላው ተመቷል።

ማማው ለጎብኚ ገና አልተከፈተም ነበር። አብረውት የገቡት ሚስቱ ዮላንዳ፣ ባልደረባው ፉልቪዮ እና የወንድሙ ልጅ ኦርኔላ ናቸው። ኦርኔላን ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቀች ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ «ዶቶሬሳ»፣ ምሩቋ፣ ይላታል።

«የት ነበራችሁ?»

«ላይ» አሉ ሦስቱም።

«ምን ልትሠሩ?»

«አየር ልንቀበል» አለች ዮላንዳ። ፉልቪዮ እንደ ቲማቲም ቀላ።

«ገባኝ፣ ሲኞራ። ባለቤትዎ ጠላት ነበራቸው?»

«ምላሱ! እሁድ ምሳ ላይ ለወንድሜ የምነግረው ጉድ አለኝ እያለ ሲፎክር ሰነበተ። የኔን መስሎኝ እንቅልፍ አጥቼ ነበር።»

ማላጉቲ የሟቹን ወንድም ኤርሲሊዮን አስጠርቶ አራቱንም ደረጃው ሥር ሰበሰበ።

«እጃችሁን!»

የዮላንዳና የፉልቪዮ መዳፍ ከሰል የጨበጠ ይመስላል፤ የኦርኔላ ወተት ነው።

«የደረጃው መደገፊያ ዛሬ ጠዋት ጥቁር ቅባት ተቀብቷል። ዶቶሬሳ፣ በክንፍ ነው የወጣሽው?»

«ታጥቤ ነው!»

«እሺ፣ አሁን አብረን ወደ ላይ እንውጣ።»

ኦርኔላ የመጀመሪያው ደረጃ ጋ ስትደርስ ተተከለች። አሥር በሬ ቢጎትታት ንቅንቅ አትልም።

«የቦሎኛ ተማሪ ሳይመረቅ እዚህ ማማ ላይ አይወጣም» አለ ማላጉቲ። «የወጣ ዲግሪውን አያይም ይባላል። እኔም ስማር አልወጣሁም። የተመረቀ ግን ምን ያስፈራዋል? አልተመረቅሽም! የምርቃት ድግሱም፣ ያን ቀን እንደ ምሩቃን አናትሽ ላይ የደፋሽው የቅጠል ጉንጉንም ውሸት ነበር። አጎትሽ ነቃ፤ እሁድ ለአባትሽ ሊነግር ነበር። እነዚህ ሁለቱ ማማው አናት ላይ ሲላፉ አንቺ ታች ቀርተሽ ለመንሽው።»

«ሳቀብኝ» አለች ኦርኔላ። «እሁድ ጉንጉንሽን ደፍተሽ ነይ፣ አባትሽ ፊት እኔ አወልቅልሻለሁ አለኝ።»

«በይ ከፈለግሽ ማማው ላይ ውጪ» አለ ማላጉቲ ካቴናውን እያወጣ። «ከእንግዲህ የሚቀርብሽ ምርቃት የለም።»

ኤርሲሊዮ የወንድሙን ሬሳ ተሻግሮ ወደ ልጁ ተጠጋ።

«ስንት ፈተና ቀርቶሽ ነበር?»

«አንድ፣ አባዬ።»