ኮረብታው ላይ የቆመው አውቶቡስ

ተሳፋሪዎቿ ሾፌሯን «ቀስ በቀስ» ይሏታል። ቁልቁለቱን ስትወርድ እንቁላል የጫነች ነው የምትመስለው። የቸኮለ ያጉረመርማል፤ የኮረብታው አሮጊቶች ግን ሌላ አውቶቡስ ቀድሞ ቢመጣ እንኳ አይሳፈሩም፣ እሷን ይጠብቃሉ።

ነርሱን መጀመሪያ ያየችው ብርዱ አጥንት ሰብሮ መግባት በጀመረበት ሰሞን ነው። ከጤና ጣቢያው በር ሰማያዊ የበረዶ ሳጥን እንደ ሕፃን ታቅፎ ተሳፈረና፣ ወንበሩ ሁሉ ስለተያዘ ከጎኗ ቆመ።

«እህቴ፣ እዚህ ባስቀምጠው ያውክሻል?»

«ውስጡ ምንድን ነው?»

«የጉንፋን ክትባት። የሚገድለውን ጉንፋን ማለቴ ነው፤ መሀረብ የሚያስይዘውን አይደለም።»

መሪውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። የሚገድለውን ታውቀዋለች። ባለፈው ክረምት እናቷን የነጠቃት እሱ ነው።

ነርሱ ያስቸገራት መስሎት ሳጥኑን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል፣ በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

«ተወው፣ እዚያው ይሁን» አለችው።

ወደ ማታ ሲመለስ ዝናብ አበስብሶታል፤ ሳጥኑም ብዙ አልቀለለም። አዛውንቶቹ መውረድ ካልቻሉ እኛ እንውጣ ብሎ አለቃውን ለምኖ ነበር የወጣው። በር የከፈተለት ግን ጥቂት ነው።

«አንድ አዛውንትማ» አለ ጫማውን እያራገፈ፣ «ግንበኛ ነበርኩ፣ ካንተ መርፌ የከበደ ተሸክሜያለሁ ብለው በሩን ፊቴ ላይ ደረገሙት። አረንጓዴውን በር።»

«አባቴ ነው።»

ጫማውን ማራገፉን ተወ። «በሩስ ጥሩ በር ነው» አለ።

ሳታስበው ሳቀች። ከእናቷ ሞት ወዲህ እንዲያ ስትስቅ ራሷን አልሰማችም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሌላ አውቶቡስ አልተሳፈረም። ሻይ በፔርሙዝ ይዞ ይመጣል፤ መጨረሻው ፌርማታ ላይ ስታርፍ አብረው ይጠጣሉ። የእናቷን ነገር የነገረችው እዚያ ነው። እናቷ ክትባት መጣ ሲባል ወርዳ፣ ከጤና ጣቢያው ውጭ ተሰልፋ፣ በሩ ላይ ስትደርስ «አለቀ» ተባለች። ሌላ ቀን ደግማ ወረደች፤ ያው «አለቀ» ሆነ። ዝናብ እየደበደባት ተመለሰች። ብዙም ሳይቆይ ያ ጉንፋን ሰፈሩን ሲያዳርስ እሷንም ያዛት፤ ሳንባዋ ላይ ወርዶ ምች ሆነና አልተነሳችም።

እሱ ያኔ ሌላ ቦታ ነበር የሚሠራው። እኔ አልነበርኩም ማለት ይችል ነበር፤ አላለም። ስኒውን አስቀምጦ የእናቷን ስም ጠየቃት። ያ ጥያቄ ከሻዩ ይልቅ አሞቃት።

«ሰው በር የማይከፍትልህ ስለማያምንህ ነው» አለችው አንድ ቀን። «ይህን አውቶቡስ ግን ያምኑታል። ሞቃት ነው፣ መቀመጫ አለው። ለምን እዚህ አትከትባቸውም?»

ነርሱ ጤና ጣቢያውን አስፈቀደ፤ የሚከብደው የእሷ አለቃ ሆነ።

«አውቶቡስ ሆስፒታል አይደለም» አላት የስምሪት ኃላፊው።

«ጋሼ፣ አምና ከዚያ ሰፈር ለቀስተኛ ስናመላልስ ነው የከረምነው። ያኔ ሥራችን አይደለም ያለ አልነበረም።»

ኃላፊው አናቱን ሲያሽ ቆየ። «እሑድ ውሰጂው። እኔ ግን አላየሁም።»

ወሬ እግር አለውና አባቷ ቀድመው ሰሙ። ክትባቱንም፣ ሻዩንም።

«ከዚያ መርፌኛ ጋር ትስቂያለሽ አሉ።»

«እስቃለሁ አባዬ።»

«እናትሽን ከበር የመለሱ ሰዎች ናቸው። ዛሬ ደጃፌ ሲያመጡት እጄን ብዘረጋ፣ እሷን ምን ልላት ነው?» በዘንጋቸው ወደ በሩ አመለከቱ። «እሱን ከመረጥሽ ወደዚህ ቤት አትምጪ።»

በማግስቱ ነርሱን፣ «ክትባቱን እንጨርስ፤ እኔን ግን ተወኝ» አለችው። ዓይኗን ከመንገዱ አላነሳችም። እሱም አልለመናት፤ ወርዶ በቀጥታ ወደ አረንጓዴው በር ሄደ።

«አባት፣ ልክ ነዎት» አላቸው። «ክትባቱ ለባለቤትዎ መድረስ ነበረበት፣ አልደረሰም። ይህን ይቅርታ አይመልሰውም። የመጣሁት ዘንድሮ ማንም ከበር እንዳይመለስ ነው። እርስዎ ባይከተቡም አልቀየምም። ልጅዎን እንደምወዳት ግን ከሰው አፍ ሳይሆን ከእኔ ይስሙ።»

ሲመለስ ሾፌሯ ሞተሩን አጥፍታ ስትጠብቀው አገኛት።

«ዘጋው?»

«ዘጉት። ግን ዛሬ ቀስ ብለው ነው።»

እሑድ መጀመሪያ የመጡት እሷን የሚጠብቁት አሮጊቶች ናቸው። ክንዳቸውን እያሹ ወጥተው ሰፈሩን ቀሰቀሱት። ነፍሰ ጡሮች መጡ፣ አስም ያለባቸው መጡ፣ ሰልፉ አደባባዩን ዞረ። ከሰዓት በኋላ ነርሱ ሳጥኑ ውስጥ እጁን ሰድዶ ቀና ሲል ፊቱ ተለዋወጠ።

«አለቀ?» አለች አንዲት እናት። ያ ቃል በሰልፉ ውስጥ እንደ ብርድ ሄደ።

ሾፌሯ ተነስታ ሁሉንም በሮች ከፈተች። «ግቡ። ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። ክትባቱ ወዳለበት አብረን እንሄዳለን።»

አውቶቡሱ ጢም አለ። በሩን ልትዘጋ ስትል ዘንግ የያዘ እጅ ገታት። አባቷ ነበሩ። ቃል ሳይተነፍሱ ወጥተው ከኋላዋ ተቀመጡ። ቁልቁለቱን እንደ ልማዷ ወረደች፤ ያን ቀን ያጉረመረመ የለም።

ነርሱ አስቀድሞ ደውሎ ነበርና፣ ባልደረቦቹ መጋዘኑን ከፍተው ሳጥን ተሸክመው ጠበቋቸው። አውቶቡሱን እናቷ ከተመለሰችበት በር ፊት ለፊት አቆመችው።

አባቷ በሩን በመስኮት ሲያዩት ቆዩ። ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

«ና አንተ ልጅ። እዚሁ፣ ይህ በር እያየ ውጋኝ።»

ነርሱ ክንዳቸውን በጥጥ ደጋግሞ ሲጠርግ ታዘቡት። «እኔ ነኝ የምፈራው ወይስ አንተ?» አሉት። አውቶቡሱ በሳቅ ተናጋ። ሾፌሯ ግን መሪው ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ አባቷ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አሳረፉ።

በሽታው ዘንድሮም መጣ። ታች ከተማው ውስጥ የሆስፒታሉ ኮሪደር በሳል ተሞላ። ኮረብታው ላይም የታመመ አልጠፋም፤ ግን አተኩሶት፣ አስሎት፣ ተነሳ። አንድም ሰው አልቀበሩም። ሌሎች ሰፈሮችም «የእኛስ አውቶቡስ?» እያሉ ጤና ጣቢያውን ወጠሩት፤ እሑድ እሑድ ሦስት አውቶቡስ መሰማራት ጀመረ።

ፀሐይ ስትመለስ አባቷ ከግቢያቸው ጥግ መሠረት ቆፈሩ። ለማን እንደሆነ አልተናገሩም፣ የጠየቃቸውም የለም። ነርሱ እጅጌውን ሰብስቦ ሲሚንቶ ሊያቦካ ገባ፤ አላወቀበትም፣ አቀጠነው።

ሾፌሯ ከሥራ ስትመለስ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ሰማቻቸው።

«እንደሱ አይደለም ልጄ» ይሉታል አባቷ፣ «ስጠኝ አካፋውን። ይህ ቤት የልጅ ልጅ ይኖርበታል።»