በእናት የሚመጣ ደም

ይህን ፈጠራ ነው የሚል ካለ እዚሁ ላይ ያቁም፤ ለማስረዳት ጊዜ የለኝም። እኔ ቤቱ ውስጥ ነበርኩ።

መርሳ። ጥቅምት 2014። ረፋድ አራት ሰዓት... ፀሐይዋ በበሩ ገብታ መደቡ ላይ ተኝታለች።

ከተማዋ ከተያዘች ሦስተኛ ወሯ ነበር። መብራት የለም። ስልክ የለም። ጤና ጣቢያው ባዶ ግድግዳ ነው። ከውርጌሳ በኩል መድፍ ሲያጓራ ማንም ቀና አይልም። ለምደነዋል።

የእህቴ የነሲባ ልጅ ሰባተኛ ቀኑ ነው። ሊገረዝ ነው።

ጠዋት ሳጥበው ግን አንድ ነገር አየሁ...

ብብቱ ስር አራት የበለዙ ነጥቦች። ደረቱ ላይ ሌላ አንድ።

ጣቶቼን አስጠጋኋቸው... ልክክ አሉ።

የትናንት አያያዜ ነው። እንቁላል እንደያዘ ሰው ነበር የያዝኩት።

እናታችን ዘሀራ፣ አሏህ ይማራትና፣ ሦስት ወንድሞች ነበሯት። ሦስቱም ተገርዘው ደማቸው አልቆም ብሎ ሞቱ። ሰው ጅኒ ነው አለ። እኔ የባዮሎጂ መጽሐፍ አነበብኩ።

ገራዡ ሸህ ኡበይደላ ምላጩን ከወረቀቱ አወጡ።

"አይነካም" አልኩ።

የነሲባ አማት እትዬ ቶይባ ዞሩብኝ።

"አሥረኛን ወድቀሽ ሐኪም ሆንሽ?"

"ወድቄ ነው ያነበብኩት። ያለፉትማ መች ያነባሉ።"

"የልጄን ዘር እስከ ሰባት ቤት ቆጥሬዋለሁ! ደም አልቆም ያለው የለም!"

"የአባቱን ነዋ የቆጠሩት። ይሄ ደም አለመርጋት በእናት ነው የሚመጣው። ሴቷ ትሸከመዋለች... እሷን ብዙም አያማት። ወንድ ስትወልድ ግን ግማሽ ለግማሽ ነው፤ ወይ ይደርሰዋል፣ ወይ ያልፈዋል።"

"ነገ ከባድ መሣሪያ ቢያገኘውስ? ሳይገረዝ ይቀበር?"

ነሲባ ልጇን እንደ ሰው ዕቃ ታቅፋ ተቀምጣለች።

የሸህ ኡበይደላ ምላጭ አየር ላይ ቀረ።

"የማን ልጆች ናችሁ?" አሉ በሹክሹክታ።

"የዘሀራ።"

"የትኛዋ ዘሀራ?"

"የሲሪንቃዋ።"

ምላጩን አዩት...

"ወንድሞቿን የገረዝኩ እኔ ነኝ።"

መድፉ ሁለቴ አጓራ።

"የመጀመሪያውን ምላጩ ነው አልን። ሁለተኛውን ጅኒ ነው አልን። ሦስተኛውን... ምንም አላልንም። ቀበርነው።"

ምላጩን መልሰው ጠቀለሉት።

ነሲባን "ልጁን አልብሺው" ብለዋት ወጡ። እትዬ ቶይባም እየተራገሙ ተከተሏቸው።

አሸነፍኩ። ደስ አላለኝም። ምንም አላለኝም።

ነሲባ ልጁን በአዲስ ነጭ ጨርቅ ጠቀለለችው። እኔ በሩን ዘጋሁ።

"ኢሕሳን..."

ስትጠራኝ ድምፅዋ ውሃ አቀብይኝ እንደምትል ሰው ነው።

"ምን?"

"ነይ እዪ።"

ጨርቁ መሃል ላይ... ቀይ። ሳንቲም የምታህል። ከዚያ መዳፍ የምታህል።

ፈታሁት።

ሸለፈቱ እንዳለ ነው። እትብቱን አየሁ፤ ደርቋል። አፉን፣ አፍንጫውን፣ መቀመጫውን፣ ጀርባውን አገላበጥኩ...

አንዲት ጭረት የለችም።

ልጁ ተኝቷል። ትንፋሹ ደህና ነው።

ነሲባ ሌላ ጨርቅ አቀበለችኝ። ጠቀለልኩት።

ጎን ለጎን ቁጭ ብለን ጨርቁን እናያለን... ነጭ ነው...

ነጭ ነው...

መሃሉ ረጠበ።