ሦስተኛው ምስክር

ፈንታነሽ ዘውዱን የምታዋርድበትን ቀን የመረጠችው ረጋ ብላ ነው። በ1974 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም፣ ደብረ ዘይት እሑድ፣ ቅዳሴ ወጥቶ ጎልማሶቹ ሁሉ ሰንበቴ ቤት ሲሰበሰቡ፣ ሽማግሌ አድርጎ ሊልክባት ያሰባቸው መሪጌታ ወርቁም ባሉበት።

በደብረ ታቦር ከተማ የጎልማሶች የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ከተጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ተራ የደረሰው ቆሞ ያነባል፤ ንባቡን ፈንታነሽ ታርማለች፣ ትርጓሜውን መሪጌታ ይሰጣሉ።

አናጢው ዘውዱ መጀመሪያ የመጣው የሰንበቴ ቤቱን በር ሊጠግን ነበር። ንባቡን ሲሰማ መዶሻውን ይዞ ቆሞ ቀረ።

«ወይ ምታ፣ ወይ ተቀመጥ፤» አለችው።

«ፊደል ላልቆጠረም መቀመጫ አለ፣ የኔታ?»

ሴትን «የኔታ» ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ፈንታነሽም ሳቀች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። ከዚያ ወዲያ ፊደሉን እሷ አስቆጠረችው። በጥምቀት ሰሞን ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ፣ «ከፋሲካ በኋላ አገርሽ ገሳይ፣ አባትሽ ዘንድ ሽማግሌ ልላክ?» አላት። መሬት መሬት እያየች ነጠላዋን አስተካከለች። እንቢ አለማለቷን ሁለቱም ያውቁታል።

ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ለጡረታ ጉዳይ ቢሮ ሄደች፤ ጸሐፊው የባሏን መዝገብ ከነክሱ ወረቀት እንዳለ ሰጣት። ባሏ ማሬ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። በ1970 ዓ.ም. መሣሪያ ደብቋል ተብሎ ተወሰደ፤ አልተመለሰም። ከምስክርነቱ ግርጌ ሦስት የጣት አሻራዎች አሉ። ሁለቱን ያሳረፉት ሰዎች ሞተዋል። ሦስተኛው፦ ዘውዱ አለሙ፣ አናጢ።

አላለቀሰችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ወትሮው እየሳቀችለት ሰነበተች።

ቀኑ ሲደርስ መሪጌታ፣ «ዛሬ ተራው የእማማ እቴነሽ ነው፤» አሉ።

«ዘውዱ ያንብብ፤» አለች ፈንታነሽ። «የናቡቴን ታሪክ።»

ፈገግ ብሎ ተነሣ። ንጉሡ የናቡቴን የወይን ቦታ ሲመኝ አነበበ፤ ሐሰተኞቹ ምስክሮች ገብተው ከተቀመጡበት ሲደርስ ቆመ።

«ቀጥል፤» አለች ፈንታነሽ። «ምስክሮቹ ስንት ነበሩ?»

ቀና ብሎ አያት። ዓይኗ ላይ ብዙ ቆየ።

«እዚህ ላይ ሁለት ናቸው፤» አለ ቀስ ብሎ። «በማሬ ላይ ግን ሦስት ነበርን።»

እማማ እቴነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣሉ። «ኧረ ዝም በል አንተ ልጅ! ግድግዳም ጆሮ አለው!»

«ይስማ፣ እማማ። የቀበሌው ሊቀ መንበር የእንጨት መቁረጫ ፈቃድ ነው ብሎ ጣቴን ቀለም አስነከረኝ። ምን እንደሆነ የሰማሁት ማሬ ከተወሰደ በኋላ ነው።» ወደ ፈንታነሽ ዞረ። «በሩን ልጠግን የመጣሁትም ልነግርሽ ብዬ ነበር። ስትስቂ አየሁና ፈራሁ። ማንበብ የተማርኩት ሌላ ሰው እንዳልገድል ነው።»

«ሁለት ዓመት አጠገቤ ተቀምጠህ?»

«ሁለት ዓመት።»

«ልጄ፣ ጾም ነው፤ ይቅር በይው፤» አሉ መሪጌታ።

«ንባቡ አላለቀም፣ መሪጌታ። ትርጓሜው ይቆይልኝ።»

ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋችለት። «ሁሉንም በእጅህ ጻፈው። ያስፈረመህን ሰው ስም እንዳትረሳ።»

አጎንብሶ ጻፈ። ብዙ ፈጀበት፤ ሰዉ ግን ንቅንቅ አላለም። ጨርሶ ሲሰጣት፣ «የት ትወስጂዋለሽ?» አላት።

«ከሚያስፈርድብህ ቦታ።»

«እሺ። ገሳይ የምልከው ሽማግሌስ?»

ወረቀቱን አጣጥፋ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

ወረቀቱን ማቃጠል ትችል ነበር። ሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤት አስገባችው። በዚያ ዓመት ሊቀ መንበሩ ከበላዮቹ ተጣልቶ ስለነበር፣ የሚከሱበት ነገር ለሚፈልጉት ሰዎች ወረቀቷ ሠርግና ምላሽ ሆነላቸው። በሊቀ መንበሩ አሥራ ሁለት ዓመት፣ በዘውዱ አራት ዓመት ተፈረደባቸው። ፍርዱ ሲነበብ ፈንታነሽ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ እስከ መጨረሻው ሰማች። ልቧ የረካ መሰላት፤ ቤቷ ስትገባ ግን እጇ ሳታዝዘው ሽሮ ማማሰል ጀመረ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አገልግሏን ይዛ እስር ቤቱ በር ላይ ቆመች።

«ሚስቱ ነሽ?» አላት ዘበኛው።

«ከሳሹ ነኝ።»

ዘበኛው ሳቀ። «ከሳሽ ስንቅ ሲያመጣ አይቼ አላውቅም። በይ፣ እንግዲያው ቀድመሽ ቅመሺ!»

ቆርሳ ጎረሰች። ከሽቦው ማዶ ዘውዱ ቆሞ ያያታል፤ ጸጉሩን ላጭተውታል። ሁለተኛውን ጉርሻ ጠቅልላ በሽቦው መሐል ዘረጋችለት።

«አራት ዓመት ነው፤» አለችው። «አንድ ቀን እንዲቀነስልህ አልለምንም።»

«አውቃለሁ።»

«ስንቁም አንድ እሑድ አይቀርብህም። ጉረስ።»