ወደ ውስጥ የታጠፈ ኮሌታ

የማዕከሉ ኃላፊ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በመለኪያ ክፍሉ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። አንገታቸው ላይ አምስት የጠቆሩ ምልክቶች ነበሩ፤ አንዱ በስተቀኝ፣ አራቱ በስተግራ። የሰው ጣት እንዲህ ጠርዙ ጥርት ያለ ምልክት አይተውም።

ማዕከሉ እጁን ላጣ ሰው ሠራሽ እጅ፣ ጉልበቱ ለከዳው ደግሞ በባትሪ የሚሠራ የእግር ድጋፍ ያዘጋጃል። ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ስትደርስ የማዕከሉ ሠራተኞች ፍርዳቸውን ጨርሰው ጠበቋት። መርፌ የተባለችው ቀጭን ስለሆነች አይደለም፤ ስለምትወጋ ነው።

«ተገልጋያችን፣ ሽማግሌው አናጺ ናቸው» አላት መሣሪያዎቹን የሚነድፈው ሰው። «መናገሩ ቢከብደኝም፣ እዚህ የብረት ቀኝ እጅ ያላቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። አስከሬኑንም አገኘሁ ያሉት እሳቸው። ትናንት ከኃላፊው ጋር ሲጨቃጨቁ ሕንፃው ሁሉ ሰምቷል።»

«በምን ተጣሉ?»

ንድፍ አውጪው አንገቱን ደፋ። «አምና አንዲት እናት የእግር ድጋፉን አድርገው ደረጃ ሲወርዱ ወድቀው ሞቱ። ደረጃ ላይ ጉልበት እንዳይታጠፍ የሚይዝ መቆለፊያ ነበረው፤ ኃላፊው ‹ባትሪ ይጨርሳል› ብለው አስወጡት። አናጺውም የተገልጋዮች ተወካይ ሆነው ‹ደህና ነው› ብለው ፈረሙ። ትናንት ‹ፊርማዬን መልሱልኝ› እያሉ ነበር።»

«አንተስ ምን አልክ?»

«ምንም» አለ በቀስታ።

አናጺው ኮሪደሩ ላይ ኩርምት ብለው ተቀምጠዋል። መርማሪዋ አጠገባቸው አረፍ አለች።

«አባባ፣ እስቲ እጅዎን ያሳዩኝ።»

የብረቱ አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ጫፍ ላይ ወፍራም የጎማ ቆብ ተለጥፏል።

«ይህስ?»

«ባዶ ብረት ምስማር ያሟልጫል፣ ልጄ። ካሮጌ ጎማ ቆርጬ ራሴ ለጠፍኩት። በቢላ ካልተፋቀ አይለቅም።»

«በዚህ ማለዳ ምን አመጣዎት?»

«ፊዚዮቴራፒስቷ ናት። ‹ልምምድ አለብዎት፣ ማልደው ይምጡ› ብላ ደወለችልኝ።»

መርማሪዋ ወደ አስከሬኑ ተመለሰች። የኃላፊው መነጽር ታጥፎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። የሸሚዛቸው ሁለት ቁልፎች ተከፍተዋል፤ ኮሌታው በጥንቃቄ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ወንበሩ ጀርባ ላይ የተሰቀለውን ፎጣ ዳሰሰችው፤ ገና እርጥብ ነው።

የፊዚዮቴራፒስቷ ክፍል ውስጥ ጣቶቹ ባዶ የሆኑ አንድ የብረት ቀኝ እጅ እንጨት ላይ ተተክሎ ቆሟል።

«የማን ነው?»

«የማንም አይደለም። ለጀማሪዎች ማሳያ ነው» አለች ሴትየዋ ረጋ ብላ። «ከታብሌቱ እያዘዝኩ አያያዙን አሳያቸዋለሁ።»

«ኃላፊው አንገታቸውን ያማቸው ነበር?»

«በጣም። በትኩስ ፎጣ እያሸሁ አስታግስላቸው ነበር። ግን ከነካኋቸው ከሳምንት በላይ ሆኗል።»

«እዚህ ሥራ ከጀመርሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ዘጠኝ ወር።»

መርማሪዋ መዝገብ ቤት ገብታ አንድ ፋይል አገላበጠች፤ ከዚያ ሦስቱንም መለኪያ ክፍል ሰበሰበቻቸው። አስከሬኑ ተነሥቷል፤ ወንበሩ ግን እዚያው ነበር።

«ኃላፊው አልታገሉም» ብላ ጀመረች። «ትናንት ከተጣላው ሰው ፊት መነጽሩን አውልቆ፣ ኮሌታውን አጥፎ፣ አንገቱን የሚሰጥ ማን ነው? እንዲህ የሚሆነው ለሚታመን ሐኪም ነው። ሁለተኛ፣ የአናጺው ሁለት ጣቶች ጎማ ለብሰዋል፤ አንገቱ ላይ ያሉት አምስቱም የባዶ ብረት ምልክቶች ናቸው። እዚህ ቤት ሌላ የብረት ቀኝ እጅ ያለው ማሳያው እንጨት ላይ ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ ሳምንት ያልተነካ አንገት ዛሬ ጠዋት እርጥብ ፎጣ ምን ያደርግለታል?»

ፊዚዮቴራፒስቷ ዓይኗን ወደ ፎጣው ጣለች።

«ምክንያቱን ግን አላውቅም ነበር» አለች መርማሪዋ። «አምና ደረጃ ላይ ወድቀው የሞቱትን እናት ፋይል አወጣሁ። የቅርብ ተጠሪ በሚለው ቦታ ‹ያሳደግኳት የእህቴ ልጅ› ይላል፤ ሥሩ ስልክ ቁጥር አለ።» ቁጥሩን አነበበችው።

ንድፍ አውጪው ስልኩ ላይ ፈለገና ቀና አለ። «የእሷ ነው» አለ፣ ወደ ፊዚዮቴራፒስቷ እያየ።

«አዎ፣ የእኔ ነው» አለች ሴትየዋ። «በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ኃላፊው ‹ዕድሜ ነው የጣላቸው› ብሎ በስልክ አጽናናኝ። ዛሬ ዓይኑን ጨፍኖ ‹እጅሽ መድኃኒት ነው› አለኝ። ማን እንደሆንኩ ነግሬው ነው የጨረስኩት።» ወደ አናጺው ዞረች። «አንተን ደግሞ የጠራሁህ በእሱ ደም ተከሰህ እስር ቤት እንድትበሰብስ ነበር። ለፊርማህ ምን ሰጡህ?»

ሽማግሌው የብረት እጃቸውን አዩት። «ይህንን» አሉ። «ካልፈረምክ ወረፋህን ታጣለህ አሉኝ። ሥራ ፈትቼ ነበር፤ ፈረምኩ።»

«እግዜር ይቅር አይበልህ!»

«አይበለኝ፣ ልጄ። የፈረምኩትንም አልክድም፤ እናገራለሁ።»

«እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች መርማሪዋ። «አሥራ አንድ ሰዎች ዛሬም ያንን ድጋፍ አድርገው ደረጃ ይወርዳሉ። ያለማመድሻቸው አንቺ ነሽ። በቀልሽ እንዳይነቃብሽ ዘጠኝ ወር አፍሽን ዘጋሽ። ከእነሱ አንዱ ቢወድቅ፣ ልጆቹ በማን ላይ ይነሡ?»

የሴትየዋ ፊት ያን ጊዜ ብቻ ተለዋወጠ። ንድፍ አውጪው ለአሥራ አንዱ ሊደውል ስልኩን አነሣ፤ ከማን እንደሚጀምር ግን ግራ ገባው። ሰዓቱ ለአምስት ሩብ ጉዳይ ነበር።

«ከአራተኛ ፎቅ ነዋሪዋ ጀምር» አለችው ሴትየዋ እጆቿን ለካቴናው እየዘረጋች። «ብቻቸውን የሚኖሩት እማማ። አምስት ሰዓት ሲሆን ዳቦ ሊገዙ ይወርዳሉ። ጆሯቸው ይከብዳል፤ እስኪያነሡ አትዝጋው።»

ደወለ። ስልኩ ደጋግሞ ጠራ። አናጺው ተነሥተው ቆሙ። ሴትየዋ ካቴና የገባበትን እጇን ደረቷ ላይ ጫነች።

«አቤት?» አለ አንድ የአሮጊት ድምፅ። «ቶሎ በል ልጄ፣ በር ላይ ነኝ።»