ጡረተኛዋ አውሮፕላን ያመጣችው ሰው

መስከረም 1982 ለአብዮት በዓል፣ ጡረታ የወጡ ሁለት የጦር አውሮፕላኖች ጂንካ መሃል ባለው የሣር ሜዳ ላይ ለሕዝብ ዕይታ ቆሙ። ቀበሌው «ማንም እንዳይቀር!» ስላለ መምህርት ጤናዬ ተማሪዎቿን አስከትላ ሄደች።

ትልቋን የጭነት አውሮፕላን ስታይ ወዲያው አወቀቻት። ከሦስት ዓመት በፊት ታላቅ ወንድሟን ዶላሞን ከዘማቾች ጋር ጭና የወሰደችው እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ አንድም ደብዳቤ አልመጣም።

አስጎብኚው መካኒኩ ሃምሳ አለቃ ዳርጌ ነበር፤ ቀጭን፣ ዓይኖቹ እንቅልፍ ያጡ።

«ጥያቄ ያለው?»

«የወሰደችውን ትመልሳለች?» አለች ጤናዬ ሳታስበው።

የቀበሌው ካድሬ ጓድ መኮንን ዞሮ አፈጠጠባት። ዳርጌ ግን ፈጠን ብሎ፣

«መምህርቷ ስለ ነዳጇ ነው የጠየቁት። አዎ፣ ደርሶ መልስ ይበቃታል!» አለ።

ሰው ሳቀ። ጤናዬ በንዴት ጦፈች። ‹ቀለደብኝ!› አለች በልቧ።

በማግስቱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ አየችው። በሦስተኛው ቀን ስለ ቤተሰቧ ጎረቤት እንደጠየቀ ሰማች። ገበያ ውስጥ ከኋላዋ ሲመጣ ዞረችበት።

«ምን ፈልገህ ነው የምትከተለኝ? ሰላይ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ተናገር!»

«እናትሽ ፊት ካልሆነ አልናገርም። ሁለቴ የምናገርበት አቅም የለኝም...»

እሺ ያሰኛት ይህ ቃሉ ነው።

እናቷ አስካል አማርኛ እምብዛም አይሆንላትም፤ ጤናዬ ወደ አፍ መፍቻ ቋንቋቸው ወደ አሪኛ ልታስተረጉም መሃል ተቀመጠች። ዳርጌ ኮፍያውን አውልቆ መሬት መሬት እያየ ጀመረ።

«አምና በዚያች አውሮፕላን ከሰሜን ቁስለኛ ስናመጣ አንድ የጂንካ ልጅ ነበረ። ዶላሞ ይባላል።»

ጤናዬ ተረጎመች። የእናቷ ፊት በራ።

«ክፉኛ ቆስሎ ነበር። ውሃ ለመነኝ። ከዚያ... እቅፌ ውስጥ አረፈ።»

ጤናዬ ወደ እናቷ ዞረች።

«ምን አለ?» አለች እናቷ።

«እማዬ...»

«ምን አለ? ንገሪኝ!»

ነገረቻት። አንድም ቃል ሳታስቀር።

«‹እናቴ በር በሩን እያየች እንዳትኖር ንገርልኝ› ብሎኝ ነበር» አለ ዳርጌ። «የዘማች ሞት በመንግሥት ሳይታወጅ መናገር ክልክል ነው፤ ያስሩኛል። ግን አውሮፕላኗ ወደዚህ ስትመጣ ለምኜ አብሬ የመጣሁት ለዚህ ነው።»

አስካል የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተችው።

«ከጮኽኩ ‹ማን ነገራት?› ይባላል» አለች ለልጇ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ይሄን ልጅ ይበሉታል።»

በሩ ተንኳኳ። ዳርጌን ሲከታተል የሰነበተው ጓድ መኮንን ነበር!

«ሃምሳ አለቃ፣ እዚህ ቤት ምን ይሠራሉ?»

አስካል ዓይኗን ጠርጋ በተሰባበረ አማርኛ፣

«እሱ... ልጄን ሊያገባ ነው የመጣ» አለች።

«ታዲያ ለቅሶው ምንድን ነው?»

«ልጅ ስትሄድ እናት አታለቅስም?»

መኮንን ሁለቱን አፈራርቆ አያቸው። ጤናዬ የዳርጌን እጅ ያዘች። ካድሬው «እንኳን ደስ አላችሁ» ብሎ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ አውሮፕላኖቹን ሊጠብቅ ጂንካ የቆየው ዳርጌ እጮኛ መስሎ ይመላለስ ጀመር። የዘመመውን አጥር አቀና፤ እንጨት ፈለጠ። አስካል ስለ ልጇ ደጋግማ ትጠይቀዋለች፤ እሱም ሳይሰለች ይመልሳል። ጤናዬ ሳታውቀው የእግሩን ኮቴ መጠበቅ ለመደች።

ኅዳር ላይ ወደ ሰሜን እንዲመለስ ታዘዘ።

«እናቴ አንተን ለማዳን ነው የዋሸችው» አለችው። «አትገደድም።»

«እኔ ግን እውነት ይሁን ብዬ ጸልዬ ነበር... አንቺስ?»

«ወንድሜን ጮኼ ሳላለቅስ አልዳርም። ጠብቀኝ አልልህም... እኔ ግን እጠብቅሃለሁ!» አለችው።

ሰኔ 1983፣ መንግሥት በወደቀ በወሩ፣ ዳርጌ እያነከሰ ከአንድ ጭነት መኪና ላይ ጂንካ ወረደ። አስካል አቅፋ ሳመችው። ከዚያ ደጅ ወጥታ ያን ሁሉ ጊዜ የዋጠችውን ጩኸት ለቀቀችው። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። ሦስት ቀን ሙሉ ዶላሞ ተለቀሰ፤ ዳርጌም ከወንዶቹ መሃል እንደ ወንድም ተቀምጦ አለቀሰ።

ጥቅምት ላይ ጤናዬና ዳርጌ ተጋቡ። እሱም ወደ አገሩ ሳይመለስ በዚያው ጂንካ የወፍጮ መካኒክ ሆኖ ቀረ።