የታመሙት ፊልሞች ክፍል

«ከፍተሽ አይተሽዋል?»

«ኧረ አላየሁም! አትክፈቺ ብለውኝ የለ?»

ሙጫ ክቡን የፊልም ቆርቆሮ ከሥራ ካፖርቷ ስር አውጥታ ሰጠችው። የቤተ መዛግብቱ የኋላ ደረጃ ላይ ከሁለቱ በቀር ማንም የለም። ሰውየው የስለላ አለቃዋ ነው፤ የምስጢር ስሙ «ጋሼ»። እሷንም ሙጫ ብሎ የሰየማት እሱ ነው፤ «የያዝሽውን አትለቂም» ብሎ።

አሁን ግን ዋሽታዋለች። ጠዋት አይታዋለች።

ጥፋቱ የራሱ ነው። ለሽፋን ብሎ ተለማማጅ አድርጎ ሲያስገባት ሥራው ልቧን ወሰደው። የዛገ ስፒል መንቀሉን፣ በእርሳስ ብቻ መጻፉን፣ አቧራውን ሳይቀር ወደደችው። እትዬ የምትላቸው የክፍሉ ኃላፊ ደግሞ ገና በመጀመሪያው ቀን አስጠንቅቀዋታል። «የኔ ልጅ፣ ጤናውን ሳታዪ አንድም ፊልም ከዚህ ቤት እንዳይወጣ።»

ጋሼ ይህን ከየት ይወቅ? በመደርደሪያ መሃል አልዋለ።

ፊልሙ ላይ ድልድይ ይታያል። ሰልፈኞች ይሮጣሉ። የተኮሰባቸው ሰው ሽጉጡን እንደያዘ ወደ ካሜራው ይዞራል።

ጋሼ ነው።

በዚያ ተኩስ ተወንጅሎ የታሰረው ወንድሟ ነው። ይግባኙ የሚሰማው ዛሬ ከሰዓት ነው። «ፊልሙን ስረቂልኝ፣ ወንድምሽን አስፈታልሻለሁ» ብሎ ወደ ስለላ የጎተታትም ይኸው ሰው ነው። አይ ድፍረት!

«ጎበዝ» አለ ጋሼ፣ ቆርቆሮውን ብብቱ ስር ሸጉጦ። «በቀጥታ ለዳኞቹ አደርሰዋለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ።»

ደረጃውን መውረድ ጀመረ። ጥቂት ሄዶ ክዳኑን ከፈተው።

ቆመ።

የኮምጣጤ ሽታ ደረጃውን ሞላው።

አሮጌ ፊልም ሲታመም እንዲህ ነው፤ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፣ ይጨማደዳል፣ አጠገቡ ያለውንም ይበክላል። ስለዚህ ለብቻው ክፍል ይዘጋበታል። ሙጫ ከዚያ ክፍል አንዱን አንስታ ቆርቆሮው ውስጥ ከታዋለች። ስለ ከብት እርባታ የተቀረጸ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ላሞች ናቸው። ወስደህ እለባቸው።»

አንተ ስትለው የመጀመሪያዋ ነው። ደስ አላት።

ጋሼ ሽጉጡን አወጣ።

«ዋናው የት ነው?»

«እትዬ ይዘውት ወጥተዋል። በማኅተም ታሽጎ፣ በቤተ መዛግብቱ መኪና። ይሄኔ ፍርድ ቤት ደርሰዋል።»

ጠዋት ሁሉንም ነግራቸው ነበር፤ ሌብነቷን ጭምር። እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «እኔ ደግሞ ተተኪ አገኘሁ ብዬ!» አሉ። ከዚያ ኮታቸውን አነሱ። ሽጉጡ ሳይሆን አሁንም የሚያማት ያ ቃል ነው።

«ስሚኝ» አለ ጋሼ ጥርሱን ነክሶ። «እኔ ብያዝም ሰዎቼ አሉ። ወንድምሽ ደጅ ዝር ብትዪ ሁለታችሁንም ይደፏችኋል።»

«እሱ ይውጣ እንጂ እኔ የትም እገባለሁ!»

የእሳት ደወሉ ከጀርባዋ ግድግዳው ላይ ነበር።

ሳበችው።

የንባብ አዳራሹ በር ተበርግዶ ሰው ጎረፈ። አንባቢው፣ ጥበቃው፣ ጠራዡ፣ ሁሉም ደረጃው ላይ ተጋፋ። ጋሼ ሽጉጡን ከመደበቅ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ሙጫ ካፖርቷን አውልቃ ጣለችና ከሰዉ ጋር ተደባልቃ ወጣች።

ከወራት በኋላ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም፣ አንድ የቤተ መዛግብት ኃላፊ ፊት ተቀመጠች።

«የሥራ ልምድ አለሽ?»

«የለኝም። ተለማማጅ ሆኜ ልጀምር።»

በመጀመሪያው ሳምንት ጋዜጣ እንድትደረድር ሰጧት። አንዱን ስትገልጥ ወንድሟን ፎቶ ላይ አየችው። ከእስር ቤቱ በር ላይ ቆሟል፤ ከስቷል፤ ግን ወጥቷል። ጋሼ መታሰሩም ከሥር ተጽፏል። ስለ ሰዎቹ የተባለ ነገር የለም። መጨረሻው ላይ የወንድሟ ቃል አለ። «እህቴን ያያችሁ፣ እባካችሁ ቤት እንደምጠብቃት ንገሩልኝ።»

ኃላፊው በትከሻዋ ላይ ጎንበስ ብሎ አየ።

«ታውቂዋለሽ እንዴ?»

«አላውቀውም» አለች።

እንባዋ እንዳይነካው ከጋዜጣው ራቅ ብላ ቆመች። ወረቀት እርጥበት አይወድም።